መካን የእሳት እራቶችና የፎገራ ቲማቲም



በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት እኛ የአንበሳሜ ልጆች እንደ ልማዳችን አንድ ላይ ተሳፍረን አገር ቤት ገባን። ሐሙሲት ወርደን ወደ አንበሳሜ የሚሄደውን መኪና ስንጠብቅ፣ ከጉማራ በኩል የመጣ አይሱዙ ቲማቲም በሳጥን ሞልቶ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ አየን። ቀዩ ቲማቲም ከሩቅ ሲታይ ያምራል። በማግስቱ ግን ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ጉማራ ዳር በእኩል ወደያዘው ማሳ ወረድንና ያ ቲማቲም በምን እንደሚያድግ በቅርብ አየነው።

ወንድም ጋሼ መርጫውን ታዝሎ፣ አፉን በፎጣ ጠምጥሞ፣ በባዶ እግሩ እየረጨ ደረስን። በዚያ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ መርጨቱ ነበር። አንዱ መድኃኒት አልሠራ ስላለው ከሌላ ጋር ቀላቅሎታል። የጠርሙሱ መግለጫ ከእርሱም ከጎረቤቶቹም አንድም ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሌሊት ሲያስለው ያድራል። አንድ ቅጠል ቀጥፎ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አሳየን። በቅጠሉ ላይኛውና ታችኛው ቆዳ መካከል፣ ልክ በሁለት ብርድ ልብስ መሐል እንደተኛ ሕፃን፣ አንዲት ደቃቅ አረንጓዴ ትል ተጋድማ ትበላለች። «መድኃኒቱ የሚያርፈው ከላይ ነው፤ እርሷ ያለችው ከውስጥ። እናንተ ምህንድስና ትማራላችሁ፤ እስኪ ያለ መርዝ የሚሠራ ነገር የላችሁም?» አለን።

ያን ጊዜ መልስ አልነበረንም። ግቢ ተመልሰን ስናነብ ግን ለእርሱ ጥያቄ ቅርብ የሆነ፣ አገራችንም ውስጥ በሌላ ነፍሳት ላይ የተሞከረ አንድ ዘዴ አገኘን። ዘዴው ነፍሳቱን ራሳቸውን በብዛት አርብቶ፣ ወንዶቹን መካን አድርጎ፣ በዱር ባሉት ላይ መልቀቅ ነው። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። «ተባይ ለማጥፋት ተባይ ማርባት?» ብሎ የሳቀብን የጀመዓችን ልጅ አለ። እኛም መጀመሪያ ስቀናል።

አስቀድመን ጠላትን እንወቅ። ወንድም ጋሼ ያሳየን ትል ገበሬው ባጭሩ «ቱታ» የሚለው፣ በሙሉ ስሙ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የእሳት እራት እጭ ነው። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ገባ፤ ከዚያ ሰሜን አፍሪካን አዳርሶ በ2012 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ክንፋሙ እራት ከጤፍ ጭድ ስብርባሪ ብዙም አይበልጥም፤ ግራጫ ነው፤ ቀን ቅጠል ሥር ይደበቃል። አንዲት ሴት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ እንደገና ክንፍ አውጥቶ ለመጣል ይደርሳል፤ ሙቀት ሲበዛ ይፈጥናል። በዓመት ከአሥር ትውልድ በላይ ሊደርስ ይችላል። እጩ ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ ፍሬውንም ይሰረስራል፤ ካልተቆጣጠሩት ማሳውን ሙሉ በሙሉ ሊጨርስ ይችላል። ድንችንም አይምርም።

ትውልዱ መፍጠኑ ለመርዝ ሻጭ ይመቻል፤ ለገበሬ ግን አይመችም። መድኃኒት ሲረጭ መቶ በመቶ አይገድልም። የተረፉት ጥቂቶቹ መርዙን የመቋቋም ባሕርይ ያላቸው ናቸው፤ የሚወልዱትም እነርሱ ናቸው። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ማሳው ላይ ያለው ሁሉ የእነርሱ ልጅ ይሆናል። ገበሬው መጠኑን ይጨምራል፣ ይቀላቅላል፣ ያፈራርቃል። በመሐል የሚያልቁት ቱታን የሚበሉ ጠቃሚ ነፍሳትና የጎረቤት ንቦች ናቸው። የታጠበው መርጫ ውኃ ደግሞ ወደ ጉማራ፣ ከጉማራ ወደ ጣና ይወርዳል።

አሁን ወደ ዘዴው እንምጣ። ሐሳቡን ያመጣው ኤድዋርድ ኒፕሊንግ የተባለ የአሜሪካ የነፍሳት ተመራማሪ ነው። በ1930ዎቹ የከብት ቁስል ላይ እንቁላል የምትጥል፣ እጯ በሕይወት ያለውን ሥጋ የሚበላ ዝንብ ያጠና ነበር። የዚች ዝንብ ሴት በዕድሜዋ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን አስተዋለ። ያ አንድ ግንኙነት ከመካን ወንድ ጋር ቢሆንስ? እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን አይፈለፈልም። ሐሳቡ ለዓመታት የሚሠራበት መሣሪያ አጥቶ ቆየ። ሄርማን ሙለር የተባለው ሳይንቲስት በ1927 የኤክስሬይ ጨረር የዝንብን ዘር እንደሚያበላሽ አሳትሞ ነበርና፣ የኒፕሊንግ ባልደረባ ሬይመንድ ቡሽላንድ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጨረር ሞከረው፤ ተሳካ። በ1954 በካሪቢያን ባሕር ኩራሳኦ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ መካን ዝንቦች ከአውሮፕላን ተለቀቁ። በጥቂት ወራት ውስጥ የደሴቲቱ ዝንብ ጠፋ።

የዘዴው ጉልበት ያለው በሂሳቡ ውስጥ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ሂሳብ የማትወዱ የሕግና የቋንቋ ተማሪዎችም ታገሡን፤ መደመርና ማካፈል ብቻ ነው።

አንድ ማሳ ላይ 1,000 ሴትና 1,000 ወንድ እራቶች አሉ እንበል። እያንዳንዷ ፍሬያማ ሴት ለሚቀጥለው ትውልድ አምስት በሕይወት የሚተርፉ ሴት ልጆችን ታበረክታለች። በአንድ በኩል በየትውልዱ 90 በመቶውን የሚገድል መድኃኒት እንርጭ። ከ1,000 ሴቶች 100 ይተርፋሉ፤ እነርሱ 500 ይወልዳሉ። በሚቀጥለው 50 ተርፈው 250 ይሆናሉ፤ ከዚያ 125። እየቀነሰ ነው፤ ግን በግማሽ በግማሽ ነው። ይህም መድኃኒቱ ጉልበቱን ካላጣ ነው፤ ከላይ እንዳልነው ደግሞ ያጣል።

በሌላ በኩል ምንም ሳንረጭ በየትውልዱ 9,000 መካን ወንዶች እንልቀቅ። አሁን ማሳው ላይ ካሉት 10,000 ወንዶች ደህናዎቹ 1,000 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከ1,000 ሴቶች ፍሬያማ የምትሆነው ከአሥር አንዷ፣ ማለትም 100 ብቻ ናት፤ 500 ይወልዳሉ። እስካሁን ከመድኃኒቱ ጋር እኩል ነን። በሁለተኛው ትውልድ ግን 500 ደህና ወንዶች ከ9,000 መካኖች ጋር ይፎካከራሉ። ከ500ው ሴቶች ፍሬያማ የሚሆኑት 26 ገደማ ናቸው፤ የሚወልዱትም ወደ 132 ነው። በሦስተኛው ትውልድ ከ132ቱ ሁለት እንኳ የማይሞሉ ፍሬያማ ሆነው 9 ገደማ ይወልዳሉ። በአራተኛው ዘጠኝ ደህና ወንዶች ዘጠኝ ሺህ መካኖች መሐል ይጠፋሉ፤ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። መድኃኒቱ በዚያ ሰዓት ገና ከ60 በላይ ሴቶች ላይ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት ተባዩ ሲያንስ የመጨረሻዎቹን ጥቂቶች ፈልጎ አያገኝም። መካኑ ወንድ ግን ተባዩ ባነሰ ቁጥር ይበረታል፤ ሴቷን ፈልጎ ማግኘት ለእርሱ ተፈጥሮው ነው። በአንጻሩ ተባዩ በበዛበት ሰዓት ዘዴው ምንም አቅም የለውም። አንድ ሚሊዮን ላለበት ዘጠኝ ሚሊዮን መልቀቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ መካን ነፍሳት የሚለቀቁት አስቀድሞ በወጥመድ፣ በንጽሕና፣ አንዳንዴም በመድኃኒት ቁጥሩን ካወረዱ በኋላ ነው። ይህን ሳይረዱ «ልቀቁና ተኙ» የሚሉ ጽሑፎች አጋጥመውናል፤ አትመኗቸው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሂሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ያችው ሥጋ በል እጭ ያላት ዝንብ ከላቲን አሜሪካ ከመጡ እንስሳት ጋር ሊቢያ ገባች። በጊዜው ካልተገታች አባይን ተከትላ ወደ ደቡብ፣ ወደ እኛም ከብቶች መውረዷ አይቀርም ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ከሜክሲኮ ፋብሪካ መካን ዝንቦችን በአውሮፕላን አስመጣ፤ በሥራው ጫፍ ላይ በሳምንት 40 ሚሊዮን ይለቀቁ ነበር። በድምሩ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ዝንብ ማለት ነው። በ1991 የመጨረሻዋ የታመመች ከብት ተመዘገበች፤ በ1992 አገሪቱ ነፃ መሆኗ ታወጀ። እኛ አብዛኞቻችን ስላልተወለድን የማናውቀው፣ ወላጆቻችንም ስላልደረሰባቸው የማያውቁት ትልቅ አደጋ ነበር። በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት ደግሞ ከ1994 እስከ 1997 በተሠራ ሥራ የቆላ ዝንብ ጠፍቷል፤ ዝንቦቹ የሚረቡት ባሕሩን ተሻግሮ ታንጋ በምትባለው የታንዛኒያ ከተማ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥም ይኸው ዘዴ ተሞክሯል፤ የተሞከረውም በእሳት እራት ላይ ሳይሆን በቆላ ዝንብ ላይ ነው። የቆላ ዝንብ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ ታስተላልፋለች። በአገራችን ከ140 ሺህ እስከ 220 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚገመት ለም ቆላ በእርሷ ምክንያት ከብት የማያረባ፣ በበሬ የማይታረስ ሆኖ ኖሯል። በደቡቡ የስምጥ ሸለቆ፣ በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ዝንቧን ለማጥፋት ፕሮጀክቱ የተጀመረው በ1997 ነው፤ የታለመለት ቦታ 25 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነበር። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በሙያና በመሣሪያ ደግፏል። ዝንቦቹን የሚያረባው ማዕከል ቃሊቲ ተሠርቶ በ2007 ተመረቀ። ቃሊቲ ሲባል ለአብዛኛው ሰው የሚታወሰው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያው ሰፈር የዝንብ ማርቢያ መኖሩን ያወቅነው እኛም በቅርቡ ነው።

ማርቢያው የሚሠራበት መንገድ ለመሐንዲስ አስደሳች ነው። የቆላ ዝንብ ከደም በቀር ምግብ የላትም። ስለዚህ ከቄራ የተሰበሰበ የከብት ደም በሞቀ ሰሌዳ ላይ ይፈስሳል፤ በላዩ ስስ የሲሊኮን ሽፋን ይደረጋል። ዝንቦቹ ያሉበት የመረብ ሳጥን ሽፋኑ ላይ ይቀመጣል፤ የከብት ቆዳ የነከሱ መስሏቸው ሽፋኑን ወግተው ይመጣሉ። ለእኛ ሐራም የሆነውና ከቄራ የሚደፋው ደም እዚህ ላይ ቀለብ ሆነ። ክፍሉ 24 ዲግሪ አካባቢ መሞቅ፣ እርጥበቱም ከፍ ማለት አለበት። መብራት ለሰዓታት ቢጠፋ ወይም ሙቀቱ ቢዛባ የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ያልቃል። ወንዶቹ ተለይተው ከኮባልት 60 በሚወጣ ጋማ ጨረር መካን ይደረጋሉ፤ ቀዝቅዘው በካርቶን ታሽገው በአውሮፕላን ይጓዛሉ፤ ከአየር ላይ ይለቀቃሉ።

ከመለቀቃቸው በፊት መሬት ላይ ያለው ዝንብ በወጥመድ ይቀነስ ነበር። ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ይሰፋል፤ ዝንቧ ሰማያዊውን ስታይ ትመጣለች። ከሥሩ አሴቶንና የላም ሽንት ይቀመጣል፤ ሽታው ከብት ያለ ያስመስላል። ከብቶቹም ጀርባቸው ላይ ፀረ ዝንብ ፈሳሽ ይደረግላቸዋል። በዚህ ሥራ የዝንቧና የበሽታው ቁጥር በብዙ ቦታ ወርዷል። ጨርሶ የማጥፋቱ ዓላማ ግን ከታሰበው እጅግ የረዘመ ጊዜ ወስዷል። ኡንጉጃ በባሕር የታጠረች ደሴት ናት፤ የእኛ ስምጥ ሸለቆ አጥር የለውም። ይህን ስንል ሥራውን ለማሳነስ አይደለም፤ ዝንብ አርብቶ፣ ቆጥሮ፣ መካን አድርጎ የሚለቅ ባለሙያ አገራችን ማፍራቷ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የፎገራና የደራ ልጆች ልብ በሉ። በእኛም አካባቢ ከብት ገንዲ ይይዘዋል። ነገር ግን ጣና ዙሪያ ያለውን ገንዲ የሚያስተላልፉት ሌሎች ነካሽ ዝንቦች ናቸው፤ የቆላ ዝንብ በሜዳችን የለችም። እነዚያ ዝንቦች በሽታውን ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው በአፋቸው ላይ በቀረ ደም ብቻ ያሻግሩታል፤ ዓይነታቸው ብዙ ነው። ስለዚህ የቃሊቲው ዘዴ ለእኛ ከብቶች ገንዲ መፍትሔ አይሆንም። አንድ ዘዴ እዚያ ሠራ ማለት እዚህ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ታዲያ የእሳት እራትስ? የእሳት እራት ከዝንብ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ክሮሞሶሙ ነው። ክሮሞሶም ማለት በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የተጻፈበት ክር ነው። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ክሩ ወደ ሁለቱም ወገን በሚጎትቱ ገመዶች ይሳባል። በዝንብም በሰውም ገመዱ የሚታሰረው ክሩ ላይ ባለ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ጨረር ክሩን ከሰበረው ያ ነጥብ የሌለበት ስባሪ ሳይጎተት ይቀራል፤ ሽሉ ይሞታል። በእሳት እራት ግን ገመዱ የሚይዘው ክሩን ዳር እስከ ዳር ነው። ክሩ ቢሰበርም ስባሪው ይጎተታል፤ አይጠፋም። በአንድ ገመድ የታሰረ የጭድ ሸክምና ከላይ እስከ ታች የተጠፈረ ሸክም አህያ ላይ ሲጫኑ አስቡ፤ የመጀመሪያው ገመዱ ከተበጠሰ ይበተናል፣ ሁለተኛው ግን ይቆያል።

ስለዚህ ወንድ የእሳት እራትን ሙሉ በሙሉ መካን ለማድረግ እጅግ ብዙ ጨረር ያስፈልጋል። ይህን ያህል ጨረር የወሰደ እራት ደግሞ አቅም ያንሰዋል፤ አይበርም፣ ሴት አያገኝም። ተመራማሪዎቹ ያገኙት መላ ደስ ይላል። ጨረሩን ይቀንሱታል። ሴቶቹ በዚያ መጠንም መካን ይሆናሉ፤ ወንዶቹ ግን በከፊል ብቻ። ጤነኛ ስለሆኑ በደንብ ይበርራሉ፤ ከዱር ሴቶች ጋር ይገናኛሉ፤ ጥቂት ልጆችም ይወልዳሉ። ልጆቹ ግን ከአባታቸው የወረሱት የተሰባበረና የተዘበራረቀ ክሮሞሶም ስለሆነ ከአባታቸው የባሰ መካን ናቸው፤ ከእነርሱም ወንዱ ይበዛል። መካንነቱ ለልጅ ይወረሳል ማለት ነው። እነዚህ ልጆች በማሳው ላይ ራሳቸው ተወልደው፣ ራሳቸው አድገው ሥራውን ለአንድ ተጨማሪ ትውልድ ይሠራሉ። ፋብሪካው ሳይከፍል የተገኘ ሠራተኛ ነው።

በዚህ መንገድ ብዙ ተሠርቷል። በካናዳ የኦካናጋን ሸለቆ የፖም ፍሬን የሚበላ የእሳት እራት ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ መካን እራቶች በባለ አራት ጎማ ሞተር እየተዞረ በየአትክልቱ ተለቀዋል፤ ለዚያ እራት ይረጭ የነበረው መድኃኒት ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። በአሜሪካ የጥጥ ፍሬ የሚበላው ሮዝ ትል በ2018 ከአገሪቱ የጥጥ እርሻዎች መጥፋቱ ታወጀ። እርሱን ያጠፋው ግን መካን እራት ብቻውን አይደለም፤ ትሉን የሚገድል ባሕርይ በዘሩ የተጨመረበት ጥጥ፣ የሴቷን ሽታ የሚያስመስል ኬሚካል፣ ከምርት በኋላ አገዳን መገልበጥ ሁሉ ተባብረው ነው። በደቡብ አፍሪካም የብርቱካን እራት ላይ ከ2007 ጀምሮ ይሠራበታል። አንድ ትንሽ ብልሃት እናንሣ፤ እጮቹ ሲረቡ ምግባቸው ውስጥ ቀይ ቀለም ይጨመራል። ቀለሙ እራቱ አካል ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ወጥመድ የገባ እራት ሲጨፈለቅ ቀይ ከሆነ የፋብሪካው ነው፤ ካልሆነ የዱር ነው። ስንት መካን ለስንት ደህና እንዳለ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ወደ ቱታ እንመለስ። የአርጀንቲና ተመራማሪዎች ቱታን በኤክስሬይ ሞክረው ውጤቱን በ2012 አሳትመዋል። 200 ግሬይ ገደማ በሆነ የጨረር መጠን ሴቶቹ መካን ሆነዋል፤ በወንዶቹ በኩልም መካንነቱ ወደ ልጆቻቸው ተላልፏል። ይህ ተስፋ ነው። በዚያው ዓመት ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ ወንድ ያላዩ የቱታ ሴቶች አንዳንዴ የሚፈለፈል እንቁላል እንደሚጥሉ አሳይተዋል። ሱብሐነላህ! ወንድ ሳያስፈልጋት የምትወልድን ተባይ በመካን ወንድ መዋጋት እንዴት ይቻላል? ነገሩ በማሳ ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ መለካት ያለበት ጥያቄ ነው።

ሌላም አለ። የቆላ ዝንብ በዘጠኝና በአሥር ቀን አንድ ልጅ ብቻ ትወልዳለች፤ ቱታ በመቶዎች ትጥላለች። ለአንድ ወረዳ ቲማቲም የሚያስፈልገውን መካን እራት ማርባት ሰፊ ፋብሪካ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ስምምነት ይጠይቃል። ዘዴው ለአንድ ማሳ አይሠራም። ወንድም ጋሼ መካን እራት ቢለቅና አጥር ተጋሪው ባይለቅ፣ ከጎረቤት ያረገዘች ሴት በርራ ትመጣለች። ከወረታ እስከ ጉማራ ያለው የመስኖ ገበሬ ሁሉ እንደ ደቦ በአንድ ጊዜ መግባት አለበት። እውነቱን ለመናገር ከፋብሪካው ይልቅ የሚከብደው ይህ ይመስለናል። ከ2017 ጀምሮ በቆሏችንን የሚበላው የአሜሪካ መጤ ተምችማ በአንድ ሌሊት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ስለሚችል ለዚህ ዘዴ ያስቸግራል።

ጽሑፉን ከማውጣታችን በፊት ለጀመዓችን ልጆች ስናነብላቸው ሁለት ጥያቄ ተነሣ። አንደኛው፣ «ጨረር የነካው እራት ያረፈበትን ቲማቲም መብላት አይጎዳም ወይ?» የሚል ነው። አይጎዳም። የኮባልት 60 ጋማ ጨረር በነገሩ ውስጥ ያልፋል እንጂ ነገሩን ጨረር አመንጪ አያደርገውም። ሆስፒታል ደረታችሁን ኤክስሬይ ተነሥታችሁ ስትወጡ ጨረር ይዛችሁ አትወጡም። ኮባልቱ ራሱ አደገኛ ነው፤ እርሱ ግን በእርሳስ ግንብ ውስጥ ፋብሪካው ጋ ይቀራል።

ሁለተኛው፣ «ይህ የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንም ወይ?» የሚል ነው። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ ጥያቄውን ለኡስታዞቻችን እናደርሳለን። ብይን ለሚሰጥ ሰው የሚያስፈልገውን እውነታ ብቻ እንጥቀስ። ነፍሳቱ ውስጥ ከሌላ ፍጥረት የተወሰደ ዘር አይጨመርም። የተለቀቀው እራት በጥቂት ቀናት ይሞታል፤ መካንነቱም ከእርሱና ከልጆቹ ጋር ያበቃል፤ በምድር ላይ የሚዘልቅ አዲስ ዝርያ አይተውም። ከሌላው ሚዛን ላይ ደግሞ አሁን የምንረጨው መርዝ፣ የወንድም ጋሼ ሳንባ፣ ያለ ጥፋታቸው የሚያልቁት ንቦች አሉ።

በስልክ ይህን ሁሉ ባጭሩ ስንነግረው ወንድም ጋሼ ዝም ብሎ ሰማንና «ታዲያ እነዚያ ወንዶች መቼ ይመጣሉ?» አለ። ዘንድሮ አይመጡም አልነው። ከእስከዚያው ማድረግ የሚችለውን ነገርነው፤ ለእናንተም ቤተሰብ ንገሩ። የተጎዳውን ቅጠልና ፍሬ ማሳ ዳር አለመጣል፤ ቀብሮ ወይም በላስቲክ አፍኖ ፀሐይ ላይ ማሰንበት። ምርት እንዳለቀ አገዳውን ነቅሎ ማስወገድ። ቲማቲምን በቲማቲም ወይም በድንች አለመተካት፤ ሽንኩርት ማስገባት። ሁለት መድኃኒት አለመቀላቀል፤ በተከታታይም አንድ ዓይነት አለመርጨት። ከተረጨ በኋላ መግለጫው የሚያዘውን ቀን ሳይጠብቁ አለመልቀም፤ መግለጫውን ማንበብ ካልተቻለ ጠርሙሱን ፎቶ አንሥቶ ለእኛ መላክ ይቻላል፤ አንብበን እንመልሳለን።

ሌላው የሽታ ወጥመድ ነው። የሴቷን ሽታ የሚያስመስል ፌሮሞን የተነከረች ትንሽ ጎማ ውኃና ጥቂት ሳሙና ባለበት ሳህን ላይ ትንጠለጠላለች። ወንዱ ሴት አገኘሁ ብሎ ይመጣና ውኃው ውስጥ ይገባል። ወጥመዱ ብቻውን ተባዩን አይጨርስም፤ ግን መቼ እንደ በዛና መቼ እንዳነሰ ስለሚያሳይ ገበሬው በግምት በሳምንት ሦስቴ ከመርጨት ያድነዋል።

ለግብርናና ለባዮሎጂ ተማሪዎች ደግሞ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ እናዋጣ። የቱታ እጭ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት በፑፓነት የሚቆየው በአብዛኛው አፈር ውስጥ ነው። የፎገራ ሜዳ ደግሞ በክረምት ለሩዝ በውኃ ይሸፈናል። አፈር ውስጥ ያለው ፑፓ ከዚያ ውኃ ሥር ስንት ቀን ይቆያል? ሩዝ የተዘራበት ማሳና ያልተዘራበት ማሳ በጥቅምት ላይ እኩል ቱታ አላቸው? ወረታ ያለው የሩዝ ምርምር ማዕከል ከሜዳው መሐል ነው፤ ጥያቄውን ይዞ የሚሄድ ተማሪ ቢገኝ መልካም ነው።

እኛ በምህንድስና በኩል ያለነው የጀመርነው ትንሹን ነው። ወጥመድ መሥራት። የሚቀጥለው እሑድ ከዓስር ሶላት በኋላ ከመስጂዱ ጀርባ ባለው ጥላ ሥር እንገናኛለን። ባዶ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ጎኑን ቆርጠን መስኮት እናወጣለታለን። ሽቦና መቁረጫ እኛ ጋ አለ። ከደራ፣ ከፎገራ፣ ከሊቦ ከምከም የሆናችሁ በተለይ አትቅሩ፤ ለፋሲካ እረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ የምትወስዱትን ትሠራላችሁ። ወንድም ጋሼ ለእርሱ አራት እንድናስቀርለት አዝዟል።